የሰሜኗ ሙሽራ

ክረምትን በአያቶቻቸው ቤት ያሳለፉ የሰሜን ልጆች በምድጃ ዳር የሰሙት የፍቅር ታሪክ አለ። ያለፈውን ዘመን የሚያሳዩ ፊልሞቻችን ገና አልደረሱበትም።

ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ

ሰኔ 30 አልፎ የትምህርት ቤት ካርድ ከታደለ በኋላ የደባርቅ መናኸሪያ በልጆች ይሞላል። ከጎንደር የተነሡት አውቶቡሶች ዳባትን አልፈው ሲደርሱ ከነጋዴውና ከገበያተኛው መሐል ቦርሳ ያዘሉ ልጆች ይወርዳሉ። አንዱ አዲስ የጎማ ጫማ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል፤ ሌላዋ ለአያቷ የተላከውን ቡናና ስኳር በጉያዋ ይዛለች። ጉሙ አስፋልቱ ላይ ስለተኛ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። የሚሰማው የረዳቶቹ ጥሪ ነው፦ «ጃናሞራ! መካነ ብርሃን! የሞላ!» ዝናቡ ገብቷል። የሚያርም እጅ ያጥራል፣ በግ የሚጠብቅ ልጅ ይፈለጋል፤ አያቶችም ዓመቱን ሙሉ ያላዩዋቸውን የልጅ ልጆች በር በሩን እያዩ ይጠብቃሉ።

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው የቆየው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሰንጥቆ፣ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ የብዋሂትን ትከሻ ይሻገራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌ ላይ በረዶ ከጣለ መሬቱ ለሰዓታት ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ጅብራው ብቻ ቀጥ ብሎ ይታያል። የጭላዳ መንጋ ከመንገዱ ዳር ሣር ሲነጭ ልጆቹ በመስኮት ይተራመሳሉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ ከፓርኩ ውጪ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ መሠራቱ ነው። ለልጅ ግን ይህ ሁሉ ምኑም አይደለም። ልጅ የሚያስበው ከብዋሂት ማዶ ያለችውን ጎጆ ነው።

የእረፍት ወር ሲባል የውጭ ፊልም የሚያሳየን ፀሐይና የባሕር ዳርቻ ነው። የእኛ ልጆች የእረፍት ወር ጭቃና ጉም፣ የገብስ አረምና የምድጃ ጭስ ነው። እናቴ የጃናሞራ ልጅ ስለሆነች ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ። ጠዋት በአጎቴ ገሳ ሥር ተሸጉጬ በግ እከተላለሁ፤ ከሰዓት አረም ነው። ፍልሰታ ሲገባ ጾም አለ፤ ለቡሄ ደግሞ ጅራፍ እንገምዳለን። ነሐሴ ሲያልቅ ባቄላው እሸት ይይዛል፤ ጳጉሜ 3 ለሩፋኤል ዝናብ እንቦርቃለን። ከዚህ ሁሉ ግን በውስጤ ጠልቆ የቀረው ማታው ነው።

የምድጃው ማታ

በሰሜን ከፍታ ላይ የክረምት ማታ ቶሎ ይገባል፤ ብርዱም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከብቱ በጎጆው በአንድ በኩል ይታሰራል፤ ትንፋሹ ቤቱን ያሞቃል። ሰው በሌላው በኩል ምድጃውን ከቦ ይቀመጣል። ትልልቆቹ መደብ ላይ፣ ልጆቹ ከመሬት አጎዛ ላይ። ኩበቱ ቀስ ብሎ ይነዳል። ቆሎ ይዞራል። ደበሎ የደረሰው ልጅ የታደለ ነው፤ ሁለት ሦስት ሆነው ይገቡበታል።

መጀመሪያ እንቆቅልሽ ነው፤ ከዚያ የጦጣና የአንበሳ ተረት። ትንንሾቹ እንቅልፍ ሲጥላቸው ጨዋታው ይለወጣል። አያቴ፣ እኛ እምዬ የምንላቸው፣ እንዝርታቸውን ያነሣሉ። ባዘቶው እየተሳበ ወሬው ይመጣል፦ የካሳ ወሬ፣ የራስ አሊ፣ የደጃዝማች ውቤ፣ የተዋበች።

የመጽሐፍ ታሪክ ዘመቻን ከዘመቻ ያስከትላል። የእምዬ ታሪክ ሴቶችን ይከተላል። ካሳ ኃይሉ ሽፍታ ሆኖ ቋራ ሲያስቸግር በጊዜው አገሩን የሚገዙት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ በጋብቻ ሊያስሩት የአሊን ልጅ ተዋበችን ሰጡት። በ1840 ዓ.ም. አካባቢ የሆነ ነገር ነው። ጋብቻው ወጥመድ ነበር፤ ተዋበች ግን ባሏን ወደደችው። የገዛ አባቷ ከባሏ ጋር ሲዋጋ ከባሏ ጎን ቆመች። ካሳ በጦር ሜዳ ቆስሎ ሐኪም ላም ሲጠይቀው መነን ቁራጭ ሥጋ ብቻ ላኩለት ይባላል፤ በዚህ ንቀት ከባሏ ይልቅ የተቆጣችው ተዋበች ናት። እምዬ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠነክራል፤ እኛም ከደበሎው ውስጥ ቀና እንላለን። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ክረምት ስትሞት ንጉሥ የሆኑት ባሏ እንዴት እንዳለቀሱ ሲነግሩን የምናለቅስ ልጆች ነበርን።

አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ፣ ከሁላችንም ጥያቄ የምታበዛዋ፣ ጠየቀች፦

«እምዬ፣ የእኛ አገሯስ? ጥሩወርቅስ? እሷንም እንዲያ ወደዷት?»

እንዝርቱ ቆመ። «እሷማ ልጄ፣ ለአባቷ ብላ ገባች» አሉ። «አባቷ የታሰረባት ልጅ ምን ትመርጣለች?» ከዚህ በላይ አልነገሩንም።

> «አባቷ የታሰረባት ልጅ ምን ትመርጣለች?»

ደረስጌ

ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ልጅ ናት። ውቤ ሰሜንንና ትግራይን አንድ ላይ የገዙ፣ በዘመነ መሳፍንት ከነበሩት መኳንንት ብርቱውና ሀብታሙ ነበሩ። ከግብፅ ጳጳስ አስመጥተው አቡነ ሰላማን እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ አገር ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ጳጳስ የያዘ መስፍን ዘውድ ማሰቡ አይቀርም። ለዚያም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፦ ደረስጌ ማርያም፣ ዛሬ በጃናሞራ ወረዳ የምትገኘዋን። በሥራው ላይ ሁለት ጀርመኖች ነበሩበት፤ አንዱ የዕፅዋት ሊቁ ዊልሄልም ሺምፐር፣ ሌላው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር። ሁለቱም በውቤ ቤት ያገለገሉ ናቸው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ራስ አሊን አይሻል ላይ ካሸነፈ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የውቤን ጦር እዚያው ደረስጌ አጠገብ ገጠመው። ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። ከቀናት በኋላ ካሳ፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጡት ጳጳስ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

ይህን ማንኛውም ተማሪ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ቦታው ዛሬም ቆሞ መኖሩን ነው። ሥዕሎቹ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ አሉ፤ ቅዳሴው አልተቋረጠም። ከደባርቅ የሚነሡ አስጎብኚዎች እንደሚሉት ቱሪስቱ የሚጠይቀው ዋልያን፣ ጭላዳንና ራስ ደጀንን ነው። «ደረስጌን የሚጠይቀኝ ታሪክ ያነበበ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ከእኛ ሰው ደግሞ ለንግሥ የሚሄድ» አለኝ ከእነሱ አንዱ። ተራራውን ለማየት ከዓለም ዳር የሚመጣ እንግዳ የአገሪቱ ዘመን የተለወጠበትን ግቢ አልፎ ይሄዳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ አስጎብኚውን ግን አልወቅስም። ታሪኩን በምስል ያሳየው የለም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ አይጠየቅም።

የራዲዮኑ ሰብለወንጌል

ስለ ፍቅርና ስለ ያለፈ ዘመን ስናስብ ሁላችንም የምንመለሰው ወደ አንድ ሥራ ነው፤ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከአንባቢው ይልቅ ሰሚው የበዛለት መጽሐፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሁሉ የመጽሐፉ ባለታሪክ የጉዱ ካሳ ወዳጅ ሆነ። አጎቴ፣ አያ የምንለው፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ራዲዮን ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ በሌለበት ክረምት ከምድጃው ዳር ያሞቀዋል። ያ የሞቀ ድንጋይ እስኪከዳን ድረስ በቤቱ የሚናገረው ወጋየሁ ብቻ ነበር። እምዬም ዝም ብለው ይሰማሉ።

በቅርብ ዓመታት መጽሐፉ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማነት ተሠርቶ ቀርቧል። ብዙ ሰው ስለ ልብሱ፣ ስለ ፈረሱና ስለ አገሩ መልክ ሲያወራ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ያለፈውን ዘመን በዚህ ስፋት ለማሳየት መድፈር ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ካለፈው ዘመን የፍቅር ፊልም የምንወስደው ጥልፉንና የጠጁን ብርሌ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ መራራ ነው። ሰብለወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ስለሆነች የሚመጥናት ባል ጠፍቶ ዕድሜዋ ያልፋል፤ የወደደችው በዛብህ ደግሞ የድኻ ልጅ ነው። በልጅቱ ዕድሜ ላይ የሚደራደረው የአባቷ ክብር ነው። ፍቅሩ የሚያሳዝነን በዙሪያው ያለው ሥርዓት ስለሚታየን ነው። ሥርዓቱ ከተደበቀ የሚቀረን መልከ መልካም ሰዎች በሚያምር ሜዳ ላይ ሲያለቅሱ ማየት ነው።

በመላው ዓለም የዚህ ዓይነት ፊልም ፈተናው ይኸው ነው። የቤተ መንግሥት ፍቅር፣ የሻማ መብራት፣ ረጅም ቀሚስ፤ ተመልካቹ የሚወጣው በዚያ ዘመን ቢኖር እየተመኘ ነው። ከእነዚያ ቀሚሶች አንዱን የፈተለች ሴት ምን እንዳሰበች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የኃይሌ ገሪማን ጤዛ የምወደው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም ከውጭ አገር ተምሮ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። ፍቅርም አለበት፣ የልጅነት ትዝታም አለበት፤ ግን የገጠሩን ኑሮ አላሳመረውም። የጎንደር አገር ሰው ጓዳውን በፊልሙ ያውቀዋል።

ያልተጠየቀችው

አሁን ወደ ጥሩወርቅ ልመለስ። አባቷ ከተማረኩ በኋላ ዓመታት አለፉ። ተዋበች ሞታለች። ንጉሡ በ1852 ዓ.ም. አካባቢ የምርኮኛቸውን ልጅ አገቡ። እሺ ያለችው አባቷ ይፈቱልኛል ብላ ነው ይባላል። ሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልጃቸው ዓለማየሁ ተወለደ። ከዚያ ወዲያ ትዳሩ ሻከረ። የየጁዋ ወይዘሮ ይታመኙ በንጉሡ ዘንድ ተወደደች። ውቤም የቀድሞ ነፃነታቸው ሳይመለስላቸው ሞቱ። ጥሩወርቅ መዝሙረ ዳዊት እየደገመች ሳለ ንጉሡ ገብተው ሳትነሣላቸው ቀረች፤ ቢቆጧት ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው አለቻቸው ብለው የተረኩ አሉ። እውነትም ይሁን በኋላ የተጨመረ፣ ሰዎች ስለ እሷ ለመንገር የመረጡት ይህን መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የንጉሡ አምባ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች። ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ እንግሊዞች አምባውን ዘርፈው እናትና ልጅን ይዘው ወደ ባሕር ወረዱ። ጥሩወርቅ ወንዙን ተራራውን አልጨረሰችም። ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ ሞተች፤ የተቀበረችው ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ነው። ዓለማየሁ ሰባት ዓመቱ ነበር።

> ሰባት ዓመት ልጅ በሰሜን ምድጃ ዳር ተረት የሚጠይቅበት ዕድሜ ነው።

የልጁን የቀረውን ታሪክ ብዙዎቻችን እንሰማዋለን፦ አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ በዚያ ዓመት የተነሣው ዓይኑ ያዘነ ፎቶግራፍ፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ በ18 ዓመቱ መሞቱና በዊንዘር መቀበሩ። አፅሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ውድቅ ተደርጓል። በዚያው ዓመት ከፀጉሩ የተቆረጠ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከዚህ ሁሉ መሐል ብዙ ሰው የማያውቀው የአያቱን ነገር ነው። የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ለልጅ ልጃቸውና ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈዋል። ባላቸውን ውቤን ያጡ፣ ልጃቸውን ያጡ፣ የልጅ ልጃቸው ባሕር ማዶ የተወሰደባቸው ሴት ናቸው። ዛሬ ጃናሞራ ላይ ለክረምት የሚመጣውን ልጅ በር ላይ ሆና የምትጠብቅ አያት ይህን ጥበቃ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

መካነ ብርሃን ላይ ያገኘሁት የታሪክ መምህር ተማሪዎቹ የቴዎድሮስን ዘመቻዎች በቃላቸው እንደሚወጡት ነገረኝ። «ጥሩወርቅን ስጠይቃቸው ‘የዓለማየሁ እናት’ ይላሉ፤ እዚያ ላይ ያቆማሉ። የአገራቸው ልጅ መሆኗን የሚያውቅ አንድ ሁለት ነው» አለ። በአገራችን መድረክ ቴዎድሮስ ተደጋግሞ ተተውኗል። ግርማቸው ተክለሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በቅርቡም ጌትነት እንየው ጽፈውበታል። ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ አንሥተውታል። በሁሉም መሐል ያለው ንጉሡ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ የምለው ሌላ በር አለ ነው። ታሪኩን ከሰሜን በኩል፣ በተሸናፊው ቤት፣ በልጅቱ ዓይን የሚከፍት በር።

ክረምቱ ምን ሆነ

ይህ የሚቸኩል ጉዳይ የሆነው ምድጃው ዳር ያለው ተራኪ እየሳሳ ስለሆነ ነው። በዳባትና በደባርቅ ያሉ የስልክ ሱቆች በሚሞሪ ድራማና ፊልም ይጭናሉ። የሕንድ ፍቅር፣ የቱርክ ፍቅር፣ የአዲስ አበባ ፍቅር፤ ወጣቱ ይዞት ተራራ ይወጣል። አንድ ጎጆ ውስጥ አምስት ልጆች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው አይቻለሁ። አያታቸው ከጀርባ ሆነው አብረው ያያሉ። በዚህ አላዝንም፤ ልጆቹ የተራቡት እኛ የተራብነውን ነው፣ ታሪክ። የሚያስከፋኝ ከዚያ ሁሉ ፍቅር መሐል አንዱም በእነሱ ተራራ ላይ አለመሆኑ ነው።

የከፋም አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የትግራይ ጦርነት ወደ ዳባትና ደባርቅ ዳርቻ ሲደርስ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ ብዙ ገበሬ ተገደለ። ያንን ክረምት በዚያ ያሳለፈ ልጅ የሚያስታውሰው ተረት አይደለም። በ2015 ክረምት ደግሞ ዝናቡ ቀረ፤ ጃናሞራና በየዳ ተራቡ፣ ከብት አለቀ፣ ሰው ተሰደደ። ከዚያ ወዲህም የመንገዱ ሰላም ሲደፈርስ ብዙ የጎንደር ቤተሰብ ልጁን ከቤት አላወጣም። «ሦስት ዓመት ሆነ ካየኋቸው» አሉኝ ደባርቅ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት፤ የልጅ ልጆቻቸውን ነው። «በስልክ ያወሩኛል። በስልክ ምን ብዬ ላጫውታቸው?»

እሳቸው ያሉት የእኔ ጭንቀት ነው። ይህ ዓይነት ታሪክ በሁለት ደቂቃ ስልክ አይነገርም። ብርድ ይፈልጋል፣ ረጅም ማታ ይፈልጋል፣ እጅ የያዘው ሥራ ይፈልጋል። እምዬ አንድን ነገር በሦስት ክረምት ሦስት ዓይነት አድርገው ነግረውናል፤ እኛ ስናድግ እሳቸው የሚገልጡት ይጨምራል። ስለ ጥሩወርቅ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ከዓመታት በኋላ፣ የአክስቴ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስና ቤተሰቡ ስለ ጋብቻዋ ማውራት ሲጀምር፣ አንድ ማታ ለሷ ብቻ ሌላውን ነገሯት። ምን እንዳሏት ዛሬም አልነገረችኝም። ያን ክረምት ግን ትምህርቷን እንድትቀጥል ከአባቷ ጋር የተሟገቱላት እምዬ ነበሩ።

ካሜራው ቢመጣ

አዲስ አበባ ያሉ የፊልም ሰዎችን ስጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ያለፈ ዘመን ውድ ነው። አንድ አዘጋጅ እንዳለኝ ካሜራ ባዞርክበት ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የስልክ ማማ አለ። ፈረስ መከራየት፣ ልብስ ማስፈተል፣ ሠራዊት የሚሆን ሰው ማብላት፤ ቲኬት ቆርጦ የሚገባው ተመልካች ይህን አይሸፍነውም። «ሳሎን ውስጥ የሚያልቅ ፊልም እንሠራለን፤ የሚያዋጣን እሱ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በግል ኪስ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ለጤዛ ዓይነት ሥራ ብዙ ዓመታትና የውጭ አጋሮች አስፈልገዋል።

ጥሩወርቅን ለማሳየት ግን ሠራዊት ግድ አይደለም። የደረስጌን ጦርነት እሷ ልታይ የምትችለው ከሩቅ ነው፤ በአቧራው፣ በሚመለሰው ቁስለኛ፣ በአገልጋዮቹ ዝምታ። ካሜራው ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ውስጥ ይቆይ። ወፍጮው፣ እንዝርቱ፣ የገብሱ ጠላ፣ ሸማው፣ መዝሙረ ዳዊቱ፤ ይህ ሁሉ በጃናሞራ ዛሬም በእጅ አለ፤ ከሙዚየም የሚለመን አይደለም። ገሳ የሚሠራ ሰው አለ። አማርኛውም አለ፤ አሮጊቶቹ ሲናገሩ የሚሰማው፣ ከአዲስ አበባ ድራማ የጠፋው አማርኛ። ተዋናዮቹ ከመካነ ብርሃንና ከደባርቅ ትምህርት ቤቶች ቢመረጡ ድምፁ ራሱ ግማሽ ፊልም ነው። ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ የአያቶችን ትረካ በድምፅ መቅረጽ ለተማሪዎቹ ከባድ ሥራ አይሆንም። ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ ይህ አንዱ ሥራ ቢጀመር እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሰማንያ ዓመት ሴት ለፊልም ገንዘብ እስኪገኝ አትጠብቅም።

ቅሬታም ይነሣል። ደረስጌ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ካህን የነገሥታትን ጓዳ በፊልም መግለጥ አልወደዱም። «የነገሡት በዚህ ነው፤ ዘውዱን አሳዩ። የሴትየዋን ኀዘን ለእግዚአብሔር ተዉት» አሉኝ። በአክብሮት ሰማኋቸው። ዘውዱም ይታይ፤ ደረስጌ ይገባታል። የሴትየዋን ኀዘን ግን እኔ የሰማሁት ከቤተ ክህነት ጠላት አይደለም፤ ጾም ከማያፈርሱ፣ ሰዓታት ከማያስቀሩ ሴት አያት ነው። ያስቀመጡልን እንድንናገረው ነው ብዬ አምናለሁ።

የፍቅር ፊልም ይሆናል ወይ? ይሆናል። ተዋበች ባሏን ወደደች፤ ይህ በፊልሙ ውስጥ ይኑር፤ ጥሩወርቅ በገባችበት ቤት ውስጥ የሟቿ ሚስት ፍቅር በሰው አፍ ሲነገር ትሰማ ነበርና። ጥሩወርቅም ወዳለች፤ አባቷን፣ ልጇን፣ ምናልባትም በአንድ ወቅት ባሏን። ሁለተኛዋ ሚስት የመጀመሪያዋን ጥላ ይዛ፣ አባቷን ያሰረውን ሰው ልጅ ስትወልድ ምን ይሰማታል? ይህን የሚጠይቅ ጽሑፍ በእጄ ቢገባ ከመቅደላ መውደቅ በኋላ እንዲያልቅ እለምናለሁ። መድፉና የንጉሡ ሽጉጥ ማብቂያ አይሁኑ። ፊልሙ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን የሚጓዘውን ቃሬዛ ይከተል፤ ጨለቆት ይድረስ፤ ከዚያም እናቷ ላቂያዬ ለልጅ ልጃቸው ለሚጽፉት ደብዳቤ ጸሐፊ ሲያስጠሩ ያሳይ።